ማሽኑን ከድሬ ጋር ማስታረቅ

ድሬዳዋ ውስጥ ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ ማሽን ማግኘት ከባድ ነው። ባጃጁ ላይ የሆነ ነገር ተጨምሯል። ፍሪጁ ከግድግዳ ርቆ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ቬንትሌተሩ የሌላ ቬንትሌተር ክንፍ ገጥሞ ይዞራል። አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ የእጥረት ውጤት አድርጎ ያየዋል። እጥረቱ አለ፣ አይካድም። ከእጥረቱ ጎን ግን ትልቅ ደስታም አለ። አንድን ማሽን ፈትቶ፣ የቱ ጋ እንደታነቀ አግኝቶ፣ ከትናንት አሻሽሎ ማስነሳት ሌላ ነገር ነው። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው ፍሪጅ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው።

ደስታው የሚመጣው ግን የሚሠሩትን ሲያውቁ ነው። ማንኛውም ማሽን አንድ የጠበበ ቦታ አለው። ያ ቦታ ካልሰፋ ሌላው ላይ የሚወጣው ብር ሁሉ ብክነት ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ያ የጠበበ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ማሽኑ የተሠራው ለቀዝቃዛ አገር ወይም ለመካከለኛ አየር ነው። እኛ ቤት ሲመጣ ያልለመደው ነገር ይገጥመዋል። ስለዚህ እዚህ ማሻሻል ማለት በአብዛኛው ማሽኑን ከከተማው አየር ጋር ማስማማት ማለት ነው።

ከሞተር እንጀምር። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው። ለ1 ግራም ቤንዚን ወደ 15 ግራም የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ በግራም ነው ያልኩት። ሲሊንደሩ በየዙሩ የሚስበው የአየር መጠን ያው ነው፤ የአየሩ ክብደት ግን እንደ ቦታውና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በባሕር ጠረፍ፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ 1 ኪዩቢክ ሜትር አየር 1,180 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፋብሪካ የፈረስ ጉልበት የሚለካው ከዚህ ብዙም ባልራቀ አየር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ያው 1 ኪዩቢክ ሜትር አየር 990 ግራም ብቻ ይሆናል። ወደ 16 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጉልበቱ በዚያው ልክ ወረደ።

አሁን ሐረርን እንይ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ ግን ቀዝቀዝ ይላል። 20 ዲግሪ ሲሆን 1 ኪዩቢክ ሜትር አየር 960 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከድሬ የቀን አየር ጋር ያለው ልዩነት 3 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ሂሳብ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሾፌር «ሐረር ከፍታ ስለሆነች መኪናው ይደክማል» ይላል። ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ላይ መኪናውን የሚያደክመው ግን በዋናነት ዳገቱ ነው። የአየሩ መሳሳት ድሬ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ቀድሞ ደርሶበታል። ማታ ድሬ ወደ 22 ዲግሪ ስትወርድ ደግሞ አየሩ ወደ 1,040 ግራም ይመለሳል። ማታ ማታ ባጃጁ ቀለል ብሎት ሲሄድ ከተሰማችሁ ስሜት ብቻ አይደለም። 5 በመቶ ተጨማሪ አየር እየተነፈሰ ነው።

እዚህ ጋ ካርቡራተር ይመጣል። ካርቡራተር አየር ሲያልፍበት በሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ቤንዚን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ይስባል። ቀዳዳዋ ያለችው ቁጥር በተጻፈባት ትንሽ የነሐስ ቡሎን ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ግን በበቂ አይቀንስም። አየሩ በ16 በመቶ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚወርደው በግማሹ፣ ማለትም በ8 በመቶ ገደማ ነው። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው። ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ በማርሚታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ኪስም ያራቁታል።

ይህ ሁሉ ቲዎሪ በአንዲት ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ በምትለኩሰው ዕቃ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጎበዝ መካኒክ ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ሞተሩን ሥራ ፈት አድርጎ አያሞቀውም። ተሳፋሪ ጭኖ ዳገት ያስወጣዋል፤ በዚያው ጭነት ላይ እያለ ያጠፋዋል። ካንዴላውን ይፈታል፤ አይጠርገውም። ወደ ፀሐይ አዙሮ መሀል ላይ ያለውን ነጭ ሸክላ ጫፍ ያያል። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ሆኖ ትንንሽ ነጠብጣብ ከያዘ ቤንዚን አንሷል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው። «ይሄው አቦ፣ ራሱ ተናገረ» ይላል አንዱ የማውቀው መካኒክ። እውነቱን ነው። ያቺን የሩዝ ፍሬ የምታክል ሸክላ ማንበብ ከቻላችሁ የሞተሩን ሆድ ከፍታችሁ እንዳያችሁ ቁጠሩት።

ጥቁር ከሆነ መፍትሔው የነሐስ ቡሎኗን አንድ ቁጥር አነስ ባለች መቀየር ነው። አንድ ቁጥር ብቻ፤ ከዚያ እንደገና ዳገት፣ እንደገና ካንዴላ። ሁለት ሦስት ቁጥር አንዴ የዘለለ ሰው ቀን ላይ ደስ ሊለው ይችላል። ማታ አየሩ ሲከብድ ግን ያው ቀዳዳ ይጠብበታል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ፒስተን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። አዲሶቹ ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩ ሞተሮች ይህን ማስተካከያ በራሳቸው ሴንሰር ያደርጉታል። እነሱን ተዉአቸው።

ከካርቡራተር በፊት ግን ከዚያም የቀለለ፣ ምንም የማያስወጣ ማሻሻያ አለ። ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ እዩ። ከሞተሩ ወይም ከማርሚታው አጠገብ ከሆነ የሚተነፍሰው የራሱን ትኩስ አየር ነው። አፉን ከሙቀቱ ራቅ አድርጎ፣ ከአቧራም ከፍ አድርጎ በጎማ ቱቦ ማውጣት ይቻላል። የሚገባው አየር በየ3 ዲግሪው ሲቀዘቅዝ ክብደቱ 1 በመቶ ይጨምራል። ከ50 ዲግሪ ወደ 35 ካወረዳችሁት 5 በመቶ በነፃ አገኛችሁ። ለአንዲት 200 ሲሲ ገደማ ለሆነች የባጃጅ ሞተር 5 በመቶ ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል የአየር ፊልትሮውን አውልቆ መጣል ማሻሻል አይደለም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዱቄት በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት ይበላዋል። ለተወሰነ ጊዜ ይስባል፤ ከዚያ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ማርሚታ መቁረጥም እንዲሁ ነው። ጆሮ በድምፅ ይታለላል። የማርሚታው ርዝመትና ውስጡ ያለው ክፍልፋይ የተቃጠለው ጭስ የሚያስነሳውን የግፊት ሞገድ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዝቅተኛ ዙር ላይ ያለው ጉልበት ነው። ባጃጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚኖረው በዝቅተኛ ዙር ነው። ሰፈር መረበሹ ሳይቆጠር።

ደንገጎን ለሚወጣ ሞተር ሳይክል ደግሞ የተለየ ደስታ አለ፤ ጥርስ መቀየር። ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለት ክብ ብረቶች አሉ፣ የፊቱና የኋላው። የፊቱ 14 ጥርስ፣ የኋላው 42 ከሆነ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፊተኛው 3 ጊዜ ይዞራል። ኋላውን ባለ 45 ብታደርጉት 3.2 ይሆናል። የመሳብ አቅሙ በ7 በመቶ ጨመረ። በምትኩ ሜዳ ላይ የምታገኙት ከፍተኛ ፍጥነት በዚያው 7 በመቶ ይቀንሳል። ጉልበት ከሰማይ አልወረደም፤ ከፍጥነት ተቀንሶ ለዳገት ተሰጠ። ከድሬ ተነስቶ ወደ ሐሮማያ አምባ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ይህ ጥሩ ገበያ ነው። ዕቃ ጭኖ የሚመላለስ ከሆነማ አያመንታ። ጅቡቲ መስመር ሜዳ ላይ ለሚውል ግን ኪሳራ ነው።

ከጉልበት በፊት ግን ፍሬን። ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የጨመረ ተሽከርካሪ ለማቆም ፍሬኑ ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት መዋጥ አለበት፤ ልኩን ካላችሁ 2.25 እጥፍ። ደንገጎን ቁልቁል ስትወርዱ ይህን ሂሳብ ፍሬናችሁ ይሠራዋል። ቦሎ ሲታደስ መርማሪው መጠየቁም ያለ ነው፤ ግን ለመርማሪው ብላችሁ ሳይሆን ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ብላችሁ አስቡት።

ፋብሪካ ራሱ እንዲህ ዓይነት ብልሃት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ሐረር ውስጥ በታክሲነት ዘመን የተሻገሩትን ፔጆ 404ዎች ታውቋቸዋላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተመረቱ፤ ሞተራቸው 1,618 ሲሲ ነው። የራዲያተሩ ቬንትሌተር ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር እንዲዞር አላደረጉትም። ውሃው ሲሞቅ በማግኔት ይያያዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል። ቬንትሌተር መዞር ጉልበት ይበላል፤ ሳያስፈልግ ለምን ይብላ? ያን መኪና የሠራ ኢንጂነር ጋራዥ ውስጥ ብታገኙት የሚያወራው ከእኛ መካኒኮች ወሬ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

ወደ ቤት እንግባ። ድሬ ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰቃየው ዕቃ ፍሪጅ ነው። ለማሻሻልም ከሁሉም በላይ የሚያስደስተው እሱ ነው።

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ከውስጥ ሙቀት ይዞ ወደ ውጭ ይጥላል። የሚጥለው ከጀርባው ባለው ጥቁር የሽቦ መረብ በኩል ነው። በዚያ መረብ ውስጥ ባለው ቀጭን ቱቦ ኮምፕረሰሩ የጨመቀው ትኩስ ጋዝ ያልፋል፤ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ከሆነ ጋዙ ሙቀቱን ለማስረከብ ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ በበለጠ ግፊት ይጨምቃል፣ ብዙ መብራት ይበላል፣ ያም ሆኖ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በግንቦትና በሰኔ ሳያርፍ የሚውለው ለዚህ ነው።

አሁን ተነሱና ፍሪጃችሁ ውስጥ ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የአየር ንብረት ምድብ የሚል ቦታ አለው። ኤን የሚል ፊደል ካለበት የተሠራው እስከ 32 ዲግሪ ለሚሞቅ ክፍል ነው። ኤስቲ ከሆነ እስከ 38፣ ቲ ከሆነ እስከ 43 ዲግሪ። ድሬ ውስጥ ኤን የተጻፈበት ፍሪጅ መግዛት ማለት ሠራተኛን ከአቅሙ በላይ ለሆነ ሥራ መቅጠር ማለት ነው። ሻጩ አይነግራችሁም፤ ወረቀቱ ይነግራችኋል።

ገዝታችሁ ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ። መጀመሪያ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አውጡት። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላችሁ የመረቡን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ የድሬ አቧራ መረቡን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ከሰዓት ፀሐይ የምታገኘው ግድግዳ ላይ ከተደገፈ ቦታ ቀይሩት። የበሩን ጎማ ወረቀት አስገብታችሁ ፈትኑ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ቅዝቃዜው በዚያ እየሸሸ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ትንሽ ቬንትሌተር ፈልጉ። ተጥሎ ከቀረ የኢንተርኔት ሞደም ባለ 12 ቮልት ቻርጀር አውጡ። ቀዩን ሽቦ ከፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቩ አገናኝታችሁ በቴፕ ሸፍኑ። ቬንትሌተሯን ከኮምፕረሰሩ አጠገብ፣ አየሩ በመረቡ ላይ ወደ ላይ እንዲነፍስ አድርጋችሁ በላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። የምትበላው ከ2 እስከ 3 ዋት ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። የቆመ አየር ሙቀት ለመውሰድ ሰነፍ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አየር ግን ጋዙ በዝቅተኛ ግፊት እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል።

ከዚያ ለኩ። ሳይለኩ ማሻሻል ግምት ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጣችሁ ፍሪጁ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት አንብቡ። ቬንትሌተሯ ያለችበትንና የሌለችበትን ቀን አወዳድሩ። ኮምፕረሰሩ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍም በሰዓት ያዙ። ቀን በቀን ያለማቋረጥ ሲያጉረመርም የነበረ ፍሪጅ በሰኔ ከሰዓት በኋላ «ቀጭ» ብሎ ራሱን ሲያጠፋ የሰማ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ አዳዲስ ፍሪጆች ጀርባቸው ልሙጥ ነው፤ የሚሞቀው ጎናቸው ነው። ቱቦው በጎኑ ቆርቆሮ ሥር ተደብቋል። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ መደርደሪያ ለመስቀል ብላችሁ በፍጹም እንዳትበሱ። ወረቀቱ ላይ አር600ኤ የሚል ካያችሁ ውስጡ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ቬንትሌተሯን ከጎኑ አቁሟትና ከውጭ ትንፈስበት፤ በቂ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድም የራሱ ጨዋታ አለው፤ እዚህ ግን ማሻሻል ከማበላሸት የሚለየው በቀጭን መስመር ነው። ምጣዱ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ የሚሄድ ጥምዝ ሽቦ አለው። ኃይሉ የሚወሰነው በሽቦው ርዝመትና በሚመጣው ቮልት ነው፤ ቮልቱ ደግሞ በካሬ ይሠራል። 220 መሆን ሲገባው 190 ከመጣ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል 75 በመቶ ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን የማያወጣው አንዳንዴ ሊጡ ጥፋት ኖሮበት አይደለም።

እዚህ ጋ የብዙ ሰው እጅ ወደ ሽቦው ይሄዳል። ሽቦው 10 በመቶ ሲያጥር ኃይሉ 11 በመቶ ይጨምራል፤ እውነት ነው። ግን የቀረው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ሽቦ የሚሸከመው ሙቀት በ23 በመቶ ይጨምራል። ቮልቱ ማታ ወደ 220 ሲመለስ ሽቦው ቀልቶ ይበጠሳል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ከሽቦው በታች ያለውን ክፍት ቦታ ሙቀት በማያስተላልፍና በማይቃጠል ነገር መሙላት፣ አከንባሎው ዙሪያውን እንዲገጥም ማድረግ። ወደ ታችና ወደ ጎን ይባክን የነበረው ሙቀት ወደ እንጀራው ይመለሳል። ከዚያ የቤቱን መስመር እዩ። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። ቀጭን ሽቦ ከሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሽቦውም ይግላል። ለምጣድ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ለብቻው አዘርጉለት፤ ይህን ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

የመጨረሻው ወደ ሐረር ይወስደናል። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለፈ ሰው የስፌት መኪናዎቹን ድምፅ ያውቀዋል። በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ወደ ሞተር መቀየር ለጀማሪ ከሁሉም የተሻለ ሥራ ነው። ሁሉ ነገር ዓይን ላይ ነው፣ አይደበቅም።

ቀመሩ ቀላል ነው። የስፌት መኪናው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው አንድ ጊዜ ይሰፋል። ገበያ ላይ የሚገኘው የተለመደ ባለ አራት ፖል ሞተር በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ይዞራል። በቀጥታ ቢገጠም 1,400 ስፌት በደቂቃ ይሆናል፤ ለአሮጌ መኪና በጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ፑሊ (ቺንጊያ የሚዞርበት ክብ)፣ መኪናው ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ ለሁለት ይከፈላል፤ 700 ስፌት። ለቀጥታ ስፌት ይበቃል። ጥልፍና ጠርዝ ለሚሠራ ሰው ግን ይህም ሊበዛበት ይችላል፤ የሞተሩን ፑሊ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ቢያወርድ 525 ያገኛል። ፍጥነቱ ሲጨምር ዘይቱም መጨመር አለበት። በእግር ስትሠራ በሳምንት አንዴ ዘይት የምታገኝ መኪና አሁን ጠዋት ጠዋት ትፈልጋለች።

የምትፈልጉት መጠን ያለው ፑሊ ሱቅ ውስጥ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። ለዚህ ድሬ ታድላለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ ነው፤ የባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕም እዚሁ ነበር። የሎኮሞቲቭ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ የማይጠብቁ፣ እዚያው ቀርጸው የሚገጥሙ ሰዎች ያፈራ ቦታ ነው። የከተማው የብረት እጅ ከዚያ እንደወረደ አምናለሁ።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ የሞተሩን ዘንግ ውፍረት በካሊፐር ለክታችሁ፣ የፑሊውን ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ። «አነስ ያለች» ብቻ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ቺንጊያውን የምትገዙት ፑሊው ተቀርጾ ከተገጠመ በኋላ ነው፤ ርዝመቱ በፑሊው ልክ ይለወጣል። መሀሉን በጣት ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጎበጥ ይበል። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በታች ከጠበቀ የሞተሩን ኩሽኔታ ይበላል።